የጩጬ ስኳር

የፈትል ፋብሪካው በተዘጋ በአራተኛው ወር፣ ባልና ሚስቱ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ተፋቱ። ዳኛ የለ፣ ሽማግሌ የለ፣ ጠብም የለ።

«ጤነኛ ባል ያላት ሴት የእርዳታ ካርድ አታገኝም አሉ» አለችው። ቀኑን ሙሉ ሰልፍ ቆማ እግሯ አብጧል። «ወንዶቹ ለመንግሥት የመንገድ ሥራ ይመዝገቡ ነው የሚሉት።»

«ተመዝግቤያለሁ። ከፊቴ ሦስት ሺህ ሰው አለ።»

«ባሏ ጥሏት ለጠፋባት ግን ዱቄት ይሰጣሉ፣ ዘይት ይሰጣሉ። ለልጅም የወተት ዱቄት።»

ባልየው ጫማ ሰፊ ነው። ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ ጫማ የሚያሰፋ ሰው የለም። ሳቀ። «የቸገረው እርጉዝ ያገባል ሲሉ ሰምቻለሁ። የቸገረው ያገባትን ይፈታል ሲሉ ግን አልሰማሁም።»

እሷም ሳቀች። ሳቁ ቶሎ አለቀ። በማግስቱ ምላጩንና ሁለት ሸሚዙን በከረጢት ከቶ፣ ከሰፈሩ ማዶ ሥራ ያጡ ወንዶች ተደራርበው ወደሚተኙበት ባዶ መጋዘን ሄደ። እሷ ቢሮ ገብታ «ባሌ ጥሎኝ ጠፋ» አለች። ያለቀሰችው የምሯን ነበር፤ ጸሐፊው አመናት።

ጣጣው ተቆጣጣሪዋ ናት። ካርዱ በየሦስት ወሩ ይታደሳል፤ ከመታደሱ በፊት እሷ ሳትናገር ከተፍ ትላለች። ሰፈሩ ያወጣላት ስም «አሽታቿ» ነው። በር ላይ ቆማ ሳብ ታደርጋለች፤ ሲጋራ፣ የወንድ ካልሲ፣ የመላጫ ሳሙና። አልጋ ሥር ታያለች። አንዷ ጎረቤት በአንድ ቀበቶ ካርዷን ተነጥቃለች። ቀበቶው የሟች አባቷ ነበር፤ ማን ይስማት? ከሁሉም የከፋው ደግሞ ልጆችን መጠየቋ ነው።

የነሱ ልጅ ሦስት ዓመት ተኩሏ ነው። ጩጬ ይሏታል። አባቷ ማክሰኞ ማክሰኞ በጓሮ ሹልክ ብሎ ይመጣል፤ እንዲመጣ ከተፈለገ እሷ መማር አለባት። ትምህርቱን ያመጣው ራሱ ነው። እናት ጣቶቿን እንደ መነጽር ዓይኗ ላይ አክብባ አሽታቿን ትሆናለች።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ሰውዬ ማነው?»

«አባዬ!»

«አይደለም» ይላል እሱ። «ጫማ ሰፊው ነው በይ።»

ስትሳሳት ምንም የለም። ስትመልስ «ጎበዝ!» ይላትና ከኪሱ አንኳር ስኳር ያወጣል። መጋዘኑ ውስጥ ለሻይ የሚያድሉትን፣ ሻዩን መራራውን ጠጥቶ ያስቀረው ነው። ሁለት ማክሰኞ ፈጀ። ከዚያ ጥያቄው ከበደ።

«አይዞሽ፣ ለኔ ብቻ ንገሪኝ። አባትሽ ነው አይደል?»

«አባት የለኝም።»

ስኳር።

«ጎሽ። በቃ ጨዋታው አለቀ፤ አሁን የእውነቱን ንገሪኝ።»

«አባዬ ነው!» ብላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

«ተያዝሽ!» አላት ከአንገቱ እያላቀቃት። «ወጥመዱ ይሄ ነው። ጨዋታው አለቀ ቢሉሽ አላለቀም። እማዬ ራሷ ብትልሽም አላለቀም። እሺ?»

«እሺ።»

«አሁንስ አበዛኸው» አለች እናት።

«ይብዛ። ዱቄታችን ያለው እሷ አፍ ላይ ነው።»

ሌላም ዘዴ ነበራቸው። ግቢው በር አጠገብ የምትውለው ልብስ አጣቢ አሽታቿን ስታይ ሳፋዋን ትደልቃለች። ሳፋው ሲመታ አባት በጓሮ መስኮት ይዘላል፤ ጩጬ ግድግዳውን ተደግፋ ቀጥ ብላ ትቆማለች። አንድ ማክሰኞ ግን አጣቢዋ ራሷ የዱቄት ሰልፍ ላይ ነበረች።

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። ጫማ ሰፊው መሬት ተቀምጦ፣ ምስማር በአፉ ይዞ፣ ከአሮጌ ቦርሳ ቆዳ ለጩጬ ጫማ ይመታ ነበር። እናት ቀጥ ብላ ቀረች።

«ይሄ ደግሞ ማነው?»

ምስማሮቹን መዳፉ ላይ ተፋ። «ጫማ ሰፊ ነኝ እትዬ። በየቤቱ እዞራለሁ።»

«በእርዳታ የሚኖር ቤት? ማን ሊከፍልህ?»

«ቆዳ ሰጥታኝ ነው» አለ እሱ።

«ልብሱን ላጥብለት ነው» አለች እሷ። እኩል ነው የተናገሩት።

አሽታቿ አንዴ እሱን አንዴ እሷን አየች። ከዚያ ጩጬ ፊት ቁጢጥ አለች።

«ቆንጅዬ፣ ይሄ ሰውዬ ማነው?»

«ጫማ ሰፊው።»

«አባትሽ አይደለም?»

«አባት የለኝም።»

«ለኔ ብቻ ንገሪኝ። ለማንም አልናገርም።»

«አባት የለኝም አልኩሽ እኮ!»

ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይላሉ። ይቺ ያቦካችው በቃ፣ ተረፈም።

አሽታቿ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እንግዲያው ጫማ ሰፊ ከሆንክ፣ ይሄ ታኮዬ ከተነቃነቀ ሰንብቷል» ብላ እግሯን ዘረጋች።

ተንበርክኮ ጫማዋን አወለቀላት። ሚስቱ እያየች፣ ልጁ እያየች። የድሮውን ምስማር ነቅሎ አዲስ መታበት፣ ጠርዙን ሞረደው። አሳምሮ ሠራው፤ አበላሽቶ መሥራት አይችልበትም። አድርጋው ወለሉን ረገጥ ረገጥ አደረገች። «እጅህ ወርቅ ነው» አለችው።

ይሄኔ ጩጬ መጥታ መዳፏን ዘረጋችለት። «ስኳሬስ?»

አሽታቿ ልጅቷን አየች። እሱን አየች። ሁለቱም ያው ሾጠጥ ያለ ጆሮ ነው ያላቸው። ብዕሯን አወጣችና ካርዱ ላይ ፈረመች። በሩ ጋ ደርሳ ሳትዞር፣

«እኔም አለቃ አለብኝ» አለች። «ከእንግዲህ እዚህ የምትመጣው ሌላ ናት፤ እሷ እንደኔ አይደለችም። ይሄ ጫማ ሰፊ በዚህ ግቢ ዳግመኛ ባይታይ ለሁላችሁም ይበጃል።»

ስትሄድ አባት ስኳሩን አውጥቶ ለጩጬ ሰጣት። «ጎበዝ» ግን አላላትም። ዕቃውን ሰብስቦ በጓሮ ወጣ።

አልተመለሰም። ዓመት ከሁለት ወር። አንዳንዴ በአጣቢዋ ሳፋ ሥር በጨርቅ የተቋጠረ አንኳር ስኳር ይገኛል።

«ከማነው?» ትላለች ጩጬ።

እናት ምን ትበል? «ከጫማ ሰፊው።»

አዲሷ ተቆጣጣሪ አራት ጊዜ መጣች። አራት ጊዜ «አባት የለኝም» ተባለች። በአራተኛው እናት የልጇን ፊት አየችው። የምታስመስል አትመስልም። ማታ ልትነግራት አሰበች፤ ዱቄቱን አየችና ተወችው።

ከዚያ የአባትየው ተራ ደረሰ። የመንገድ ሥራ ወረቀት፣ ማኅተም ያለበት። እናት ካርዷን ለቢሮው መለሰች። እሱም በጠራራ ፀሐይ፣ በፊት ለፊት በር፣ ከረጢቱን አንግቦ ገባ። አጣቢዋ ስታየው ደስታዋን መያዝ አቅቷት ሳፋዋን ደለቀችው።

ጩጬ ሳፋው ሲመታ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። መጫወቻዋን ጣለች። ግድግዳውን ተደግፋ ቀጥ ብላ ቆመች።

አባቷ ፊት ለፊቷ ተንበረከከ። ከስቷል፣ ጢሙ ሸብቷል።

«እኔ ማነኝ?»

«ጫማ ሰፊው።»

«አይደለሁም የኔ ዓለም። አባትሽ ነኝ።»

«አባት የለኝም።»

እናት መጥታ አጠገቡ ቁጢጥ አለች። «ጩጬዬ፣ የእውነት አባትሽ ነው። ለኛው ነው የሄደው። በቃ፣ ጨዋታው አለቀ።»

ልጅቷ እናቷን አየቻት፣ ፈገግ አለች። ይቺን ወጥመድ ታውቃታለች።

«አላለቀም!» አለች። «አባት የለኝም!»

መዳፏንም ዘረጋች።

ኪሱን ዳበሰ። ስኳር ነበረው፤ መንገዱን ሙሉ በእጁ ጨብጦት ነው የመጣው። ሰጣት። ጉንጯ ውስጥ ወሽቃ፣ ዓይን ዓይኑን እያየች ጠበቀችው። ዝም ሲልባት ጊዜ ከንፈሯን ጣለች።

«ጎበዝ በለኝ እንጂ» አለችው።