አሳልፎ ያልሰጠው ንጉሥ

ባለቤቴ ይድነቃቸው ንግግር ይወዳል። ሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ፊት አንዴ ከቆመ ቄሱ ራሳቸው ሰዓታቸውን ማየት እስኪጀምሩ አይቀመጥም። የሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት «ይሁዲነት፣ ክርስትናና እስልምና በመካከለኛው ዘመን እንዴት ተስፋፉ» ብሎ ለቅዳሜ ረፋድ አንድ ረቢ፣ አንድ ሼክና የእኔን ባል ሲጋብዝ፣ በዚያው ቤታችን ሰላም አጣ። ጠዋት ንግግር፣ ማታ ንግግር ሆነ።

የእሱ ድርሻ የአክሱሙ ንጉሥ ነበር። የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች መካ ላይ ሲሳደዱ ባሕር ተሻግረው እሱ ዘንድ ተጠጉ። አሳዳጆቻቸው ስጦታ ተሸክመው ተከትለው መጡና «ስጠን» አሉት። ንጉሡ ክርስቲያን ነው፣ ስደተኞቹ ሙስሊሞች ናቸው። «አልሰጥም አለ!» ይላል ይድነቃቸው፣ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ በቡጢ እየመታ። በዚህ ንጉሥ የተነሳ ስንት ብርጭቆ እንደተሰበረብኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

የጎደለውን የምትሞላለት ነጃት ነበረች። ነጃት ከቤታችን ሥር ያለውን ቤዝመንት የተከራየች የወሎ ልጅ ናት፤ እኛ ልጅ የለንም፣ እሷ ከመጣች ወዲህ ግን ቤቱ ሰው ሰው ይሸት ጀመር። ሥጋችን ለየብቻ ነው የሚሠራው፣ ሽሮው የጋራ ነው። ከሥራ ስትመለስ ወጥ ቤት ብቅ ብላ፣ «ጋሼ፣ የስደተኞቹ አፈ ጉባኤ ጃዕፈር ከቁርኣን የመርየምን ምዕራፍ ሲቀራ ንጉሡ አልቅሷል እኮ። እሱን እንዳይረሱት» ትለዋለች። እሱም ደስ ብሎት ይጽፋል።

ከጥቂት ወራት በፊት የጥገኝነት ጥያቄዋ ውድቅ ሆነ። የኢሚግሬሽን ፖሊሶች ከያዟት ወደ አገሯ ይመልሷታል፤ ጦርነቱ ቤተሰቧን በትኖታልና ተመልሳ የምትገባበት ቤት የላትም። ፋይሏ ላይ ያለው አድራሻ ደግሞ የእኛው ቤት ነው። ሐሙስ ዕለት ፔትዎርዝ ሰፈር የሚኖር አንድ የምናውቀው ሰው ከነሥራ ልብሱ ከመንገድ ላይ እንደወሰዱት ሰማን። ፈራሁ። የፈራሁት ለእሷ ብቻ ቢሆን መልካም ነበር። እኛም ግሪን ካርድ እንጂ ዜግነት የለንም።

ያን ዕለት ይድነቃቸው ወጥ ቤት ውስጥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አሰፋሽ፣ ይቺ ልጅ ሌላ ቦታ ብትፈልግ አይሻልም?» አለኝ።

«ቅዳሜ ይለፍና ንገራት» አልኩት። «ለንግግርህ ገና ታስፈልግሃለች።»

ቀልድ አስመሰልኩት። ቀልድ አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት ይድነቃቸው ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ከረባቱን አስሮ፣ ሽቶ ተርከፍክፎ ቁልፍ ሲፈልግ በሩ ተደበደበ። ተንኳኳ አላልኩም፣ ተደበደበ። በስልኬ የበሩን ካሜራ አየሁ፤ ሦስት ሰዎች፣ የጥይት መከላከያ የለበሱ፣ ፊታቸው የተሸፈነ። አንደኛው የነጃትን ስም ከነአባቷ ጠርቶ እዚህ ትኖር እንደሆነ ጠየቀ።

ዳኛ የፈረመበት ወረቀት ካላሳዩ እንዳትከፍቱ ተብለናል፤ ቤተ ክርስቲያንም ተነግሮናል፣ ግሮሰሪው በር ላይም ተለጥፏል። ማወቅ ሌላ፣ በርህ ሲደበደብ መቆም ሌላ። ንጉሡ ጦርና ዘበኛ ነበረው። እኛ ያለን አንድ መቀርቀሪያና አንድ የበር ሰንሰለት ነው።

«ታች ናት ብንላቸው እኛን ይተዉናል» አለ ይድነቃቸው በሹክሹክታ። ከንፈሩ አመድ መስሏል።

እጁን ሰዶ መቀርቀሪያውን ያዘ። እኔ እጁን አልያዝኩትም። ተው አላልኩትም። መቀርቀሪያው ግን አልታዘዝ አለው፤ ወደ ግራ ሲል ወደ ቀኝ ሆነበት። እንደገና ሲደበድቡ ደንግጦ ለቀቀውና ጀርባውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ መሬት ተቀመጠ። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ። ትንፋሻችንን ዋጥ አድርገን፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ እንደ ልጅ ተደበቅን። በመጨረሻ የመኪና በር ሲዘጋ ሰማን፤ ሄዱ።

ይድነቃቸው ላቡን ጠረገ። ቀስ እያለ ፊቱ ላይ ደም ተመለሰ።

«አየሽ? አልሰጠናትም!» አለኝ።

ላምነው በጣም ፈለግሁ። የምሥራቹን ልነግራት እየሮጥኩ ወረድኩ። ክፍሉ ባዶ ነው። አልጋው ተነጥፏል፣ ሻንጣዋና መስገጃዋ የሉም። በጓሮ በኩል ጠብቀው ይዘዋት ይሆናል ብዬ ደወልኩላት። ስልኳ ይጠራል፣ አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ። ይድነቃቸው «አንሺው፣ አንሺው» እያለ ደረጃው ላይ ይንቆራጠጣል። በስንት መከራ አነሳችው።

«ነጃት! ያዙሽ እንዴ?»

«አልያዙኝም፣ እትዬ። ጎህ ሲቀድ ነው የወጣሁት።»

«ምነው ሳትነግሪን?»

«ሐሙስ ዕለት ስታወሩ ሰማሁ። የማሞቂያው ቱቦ ድምፅ ያወርዳል። ላዳምጥ ብዬ አይደለም፣ ይቅርታ።»

ይቅርታ ጠያቂዋ እሷ ሆነች! ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ምን ብዬ ልመልሰው። ይድነቃቸው ስልኩን ከእጄ ወስዶ ለሁለታችንም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው።

«ነጃትዬ፣ መጥተው ነበር! በሩን አልከፈትንላቸውም!»

«አላህ ይስጥልኝ፣ ጋሼ።»

«ንግግሩ ይቅር፣ አሁኑኑ መጥቼ ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ እህቴ ቤት አደርስሻለሁ። የት ነሽ?»

ከበስተጀርባዋ መኪኖች ሲያልፉ ይሰማል።

«ነጃት፣ የት ነሽ?»

«እሱን አልነግርዎትም፣ ጋሼ» አለችው። ቁጣ የለባትም፤ ለታመመ ሰው እንደሚነገር ለስለስ አድርጋ ነበር የተናገረችው። «ተመልሰው ይመጡ ይሆናል። ሰው ሲፈራ ደግሞ ይናገራል።»