አስረስ የቆመ ዕለት

ባሂራ አቶ አስረስን ለማስነሳት የቸኮለችውን ያህል ለማንም በሽተኛ ቸኩላ አታውቅም። የቸኮለችው ወዳው እንዳይመስላችሁ፤ ዕድሜ ልኳን አንጀቷን ያሳረረው እሱ ነው።

አስረስ በ1986 ዓ.ም. ቡታጅራ ውስጥ የአንድ የዘር መጋዘን ኃላፊ ነበር። ዘሩን ራሱ ሸጦ ሲያበቃ፣ «ሰይዶ ሲሰርቅ አይቻለሁ» ብሎ ፍርድ ቤት መሰከረ፤ እንሴኖ ገበያ ላይም ሕዝብ ሰብስቦ ደገመው። የመስቃኑ በርበሬ ገበሬ ሰይዶ እስር ቤት ሞተ። ልጁ ባሂራ «የሌባ ልጅ» እየተባለች አድጋ ነርስ ሆነች። የአባቷን ስም ከማስመለስ ሌላ የምትፈልገው ነገር አልነበረም።

በእሷ አቤቱታ ሽማግሌዎች አስረስን አራት ጊዜ ጠሩት። በደንባቸው ተከሳሽ ቆሞ ነው የሚመልሰው። አስረስ ደግሞ ፓርኪንሰን አለበት፤ የክኒኑ ኃይል ሲያልቅ ሰውነቱ ድንገት ደርቆ ይገተራል፣ መነሳት ያቅተዋል፣ አፉም ይያዛል። በሽታው እውነት ነው። በቀጠሮ ቀን ግን ክኒኑን ሆን ብሎ ይተወዋል። ሽማግሌዎቹም «በሽተኛ አናስጨንቅም» እያሉ ይሸኙታል። ተመቸው!

በ2006 ልጁ ሀሴት እንዲህ ሲገተር የሚፈታውን መርፌ ከውጭ አስመጣችለት። ሐኪም መጠኑን ወሰነ። የሰፈሩ ነርስ ባሂራ ብቻ ስለሆነች አስረስ ምን ያድርግ፣ «ስገተር አትጠይቂኝ፣ ውጊኝ» አላት።

በአምስተኛው ቀጠሮ ሽማግሌዎቹ በሚሰበሰቡበት ዋርካ ሥር እንደለመደው ተገትሮ ተቀመጠ። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ሐጅ ኢስሀቅ ሊያሰናብቱት ሲሉ ባሂራ ተነሳች።

«ሐጂ፣ ሩብ ሰዓት ብቻ ይታገሡኝ።»

የአስረስ ዓይን ለመናት። አየችው፤ ደስም አላት።

«አትጠይቂኝ ብለውኝ የለ? አልጠይቅዎትም» አለችና ሸሚዙን ገልጣ ሆዱ ላይ ወጋችው።

አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አዛጋ። ጣቶቹ ተፍታቱ። ባሂራ ክንዱን ይዛ፣ «ቀስ ብለው ይነሱ፣ ራስዎን እንዳያዞርዎ» አለችው። ቆመ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ቆምክ!» አሉ ሐጅ ኢስሀቅ። «በል መልስ።»

አስረስን ላብ አጠመቀው። የሚያመካኝበት አጣ።

«ሰይዶ አልሰረቀም። ዘሩን የሸጥኩት እኔ ነኝ።»

ሽማግሌዎቹ «አፉ በይው፣ ይቅር በይው» አሏት። ባሂራ ሃያ ዓመት የጠበቀችውን ቃል ሰማች፤ ጣፈጣት፣ ግን አልጠገበችም። የተረፉትን መርፌዎች ቆጥራ ቦርሳዋን ዘጋች።

«የዋሹት ፍርድ ቤት ብቻ አይደለም፣ ጋሼ አስረስ። ነገ የእንሴኖ ገበያ ነው። ክኒንዎን ባይወስዱም ግድ የለም፣ እኔ አብሬዎት እሄዳለሁ።»