ጫማቸውን እያዩ የሚጫወቱ

እማማ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ጀምሮ የልጅ ልጃቸው አልጋ ጫፍ ላይ እንደ ተከሳሽ ተቀምጠዋል። ማሳል አይቻልም። አልጋውን ማንቋቋት አይቻልም። ለነገሩ ለምና ያስቀመጠቻቸው ልጅቷ ራሷ ናት። «ብቻዬን ለማሽን ማውራት አልችልም፣ ምላሴ ይተሳሰራል። አንቺ ፊት ለፊቴ ከሆንሽ ግን ለአንቺ የማወራ ይመስለኛል» አለቻቸው። እሳቸውም እሺ አሉ።

ቤተሰቡ ልጅቷን «ጭምቷ» ነው የሚላት። ከትንሽነቷ ጀምሮ ቃል ከአፏ የሚወጣው በመከራ ነው። ተቀጥራ ትሠራበት የነበረው የመጻሕፍት መደብር ከተዘጋ አራት ወር ሆነው፤ ከዚያ ወዲህ ክፍሏን ዘግታ፣ ጆሮዋ ላይ ያንን ትልቅ ማዳመጫ ደፍታ መዋል ሆነ ሥራዋ። እማማ በቀን አሥር ጊዜ በሩን ያንኳኳሉ።

«በላሽ?»

«በላሁ።»

«አመመሽ?»

«ኧረ ደህና ነኝ።»

«ታዲያ ምነው?»

ማዳመጫዋን መልሳ ትደፋለች።

ባለፈው ሳምንት ግን አንድ የሬዲዮ ጣቢያ የሙዚቃ ፕሮግራም አቅራቢ እንደሚፈልግ ሰማች። የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሊደመጡ የሚገባቸውን አልበሞች የሚያስተዋውቅ ናሙና ቀርጾ መላክ። ቀኑ ዛሬ፣ ሰዓቱ አሥር። ከአሥር በኋላ የመጣ አይታይም። ይቺም ካመለጠቻት ያ በር ዳግመኛ እንደማይከፈት እማማ ልባቸው ነግሯቸዋል።

ጠዋት ላይ የምታቀርባቸውን አራት አልበሞች አልጋው ላይ ደርድራ አስረድታቸው ነበር። ግራ ያጋባቸው ቀዩ ነው። ሽፋኑ ላይ ቀለም እንጂ የሚታይ ነገር የለም።

«ይሄ ሹጌዝ ይባላል፤ ጫማ ማየት ማለት ነው። ጊታረኞቹ እግራቸው ሥር የተደረደሩ ፔዳሎች እየረገጡ ነው ድምፁን የሚለዋውጡት። ስለዚህ መድረክ ላይ ጫማቸውን እያዩ ይጫወታሉ።»

«ሰው ከፍሎ ገብቶ አናታቸውን ሊያይ?»

«አዎ።»

«እናቶቻቸው ምንም አላሉም?»

ጭምቷ ሳቀች። እማማ ሳቋን ከሰሙት ስለቆዩ፣ ደግማ እንድትስቅ ሽፋኑን ገልብጠው ጫማ ፈለጉበት።

ቀረጻው ሲጀመር ልጅቷ ተንተባተበች፤ አቆመች፤ ደግማ ጀመረች፤ እንደገና ተንተባተበች። ሰዓቱ ነጎደ። ከዚያ ሰማያዊ ሽፋን ያለውን አልበም አነሣችና እማማን ቀጥ ብላ አየቻቸው። «ይሄ ድሪም ፖፕ ነው። ዘፋኟ ከእንቅልፏ ሳትነቃ የምትዘፍን ትመስላለች። ቃሉን ለመያዝ አትድከሙ፤ ዝም ብላችሁ ጋደም በሉበት» አለች። እማማ ዓይናቸው ፈጠጠ። «በላሁ» እና «ደህና ነኝ» ብቻ ስትል የከረመችው ልጅ ናት ይቺ? ሁለተኛው አልተርኔቲቭ ሮክ ነበር፤ ሲያንሾካሹክ ቆይቶ ድንገት ጎረቤት የሚያስነሣ ዓይነት። «ይሄኛውን ከሰው የተጣላችሁ ቀን ስሙት። እሱ ይጮህላችኋል።»

ሦስተኛው ቀዩ ነው።

እማማ ሠላሳ አንድ ዓመት በክር ፋብሪካ፣ ፈትል ማሽን ላይ ቆመው ሠርተዋል። እዚያ ከዓይን ይልቅ ጆሮ ነው የሚሠራው። ሁለት መቶ እንዝርት በአንድ ላይ እየጮኸ፣ የአንዱ ኩሽኔታ፣ እንዝርቱ የሚሽከረከርበት ብረት፣ ነክሶ ሊይዝ ሲል ድምፁ በትንሹ ይወርዳል፣ ይዋዥቃል፣ ተመልሶ ይወጣል። ያንን የሰማች ሠራተኛ አለቃ አትጠይቅም፤ ማሽኑን ታቆማለች። አንድ ቀን የቅርብ ጓደኛቸው ድምፁን ሰምታ «እስቲ ፈረቃው ይለቅ» ብላ ቆየች። ማሽኑ ሁለት ጣቷን ወሰደው።

የቀዩ አልበም ሙዚቃ መሃል ላይ ሲደርስ ጊታሮቹ በሙሉ አንድ ላይ ወረዱ፣ ተዋዠቁ፣ ተመልሰው ወጡ።

እማማ አላሰቡም። ከአልጋው ተስፈንጥረው፣ በልጅቷ እግር ላይ ተሻግረው፣ የኮምፒውተሩን ሶኬት ከግድግዳው መነጨቁት።

ቤቱ ጭጭ አለ። ስክሪኑ ጠቆረ።

«እማማ!»

«ሊፈነዳ ነበር!»

«ምኑ?»

«ማሽኑ ነዋ! አልሰማሽም? ድምፁ ወረደ እኮ!»

«እንዲያ ነው የሚጫወቱት። ጊታሩ ላይ ዘንግ አለ፤ እሱን ሲጫኑት ክሩ ይላላል። ሆን ብለው ነው።»

«ጤነኛ ሰው ሆን ብሎ እንዲህ ያደርጋል?»

ልጅቷ ሶኬቱን ተቀብላ ሰካችው፣ ኮምፒውተሩን አስነሣችው፣ ትንሽ ፈለገች። «ቀረጻውን አላስቀመጥኩትም ነበር» አለች በቀጭን ድምፅ። «ሁሉም ጠፍቷል።»

ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

ብትጮህባቸው ምን ነበረበት። እሷ ግን ቀስ ብላ ማዳመጫውን ለማንሣት ተዘረጋች። እማማ ቀደሟት። ማዳመጫውን ላፍ አድርገው ከጀርባቸው ሸሸጉት።

«አይሆንም።»

«ተዪኝ እማማ።»

«አልተውሽም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ስደቢኝ።»

«አልሰድብሽም።»

«እንግዲያው ድጋሚ ጀምሪ።»

«ያልኩትን መልሼ አላገኘውም። አንዴ ነው የመጣልኝ።»

«ለእኔ አይደል ስታወሪ የነበረው? እኔ የት ሄድኩ? በይ አልሰማሁሽም፣ ንገሪኝ። ስጠይቅሽ ደግሞ መልሺ።»

ጭምቷ ሰዓቱን አየች። ማይክሮፎኑን በሁለቱ መካከል አቆመችው።

በዚህኛው ቀረጻ እማማ ገና ከመጀመሪያው ገቡበት። «ይቺ ሴትዮ ምነው አፏን ከፍታ አትዘፍን?» ሲሉ ልጅቷ፣ «ድምፅዋም ከመሣሪያዎቹ እንደ አንዱ ነው፤ ከፊት አትቆምም፣ መሃል ትገባለች» ብላ መለሰች። ስለ ጮኸው ዘፋኝ «ማን አስቀየመው?» ብለው ጠየቁ። ተመለሰላቸው። ቀዩ ሲደርስ ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ሥር ከተቱ።

«አሁን ሊወርድ ነው አይደል?»

«አዎ።»

«ወይኔ! ወረደ!»

«ቆይ።»

«ይነክሳል እኮ!»

«አይነክስም። ትንሽ ቆይ፣ ይመለሳል።»

ተመለሰ። እማማ እጃቸውን ከጭናቸው ሥር አወጡ። «ቆይ እኔ ልጠይቅሽ» አሉ፣ የሚቀረጽ መሆኑን ረስተው። «ሰው ለምን እንዲህ የሚያስጨንቅ ነገር ፈልጎ ይሰማል?»

ጭምቷ የሙዚቃውን ድምፅ ዝቅ አደረገች። «ውስጤ እንደዚህ ነው የሚለው» አለች። «ሁልጊዜ ሊበጠስ የደረሰ ነገር ያለ ይመስለኛል። ከውጭ ስሰማው፣ ወርዶም ሲመለስ ስሰማው፣ ይቀለኛል።»

እማማ ጉልበቷን ያዝ ለማድረግ ጠጋ ሲሉ አልጋው ተንቋቋ። ያም ተቀረጸ።

ለአራተኛው አልበም ጊዜ አልተረፈም። ዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ ላይ ቀረጻው መላክ ጀመረ። ሁለቱም ስክሪኑ ላይ ተደፍተው ቁጥሩን ያያሉ።

«ዘጠና ሁለት ላይ ቆመ!»

«አልቆመም።»

«ቆሟል እኮ! ነቅለን እንሰካው?»

«እማማ! እጅሽን!»

ለአሥር ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ሄደ።

አራት ቀን እማማ ስልክ በጮኸ ቁጥር ዘለሉ። በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ኮሪደሩ ውስጥ ስትመላለስ፣ ፊቷን ለማንበብ አብረዋት ተመላለሱ። «እሺ… እሺ… ገባኝ… አመሰግናለሁ።» ዘጋችው።

«ምን አሉ?»

«ተቀበሉኝ። ለግማሽ ሰዓት ፕሮግራም፤ እዚሁ ቤት ቀርጬ እልክላቸዋለሁ።»

እማማ እልልታቸውን አቀለጡት። ሲጨርሱ፣ «ስለ እኔስ?» አሉ።

ጭምቷ ከንፈሯን ነከሰች። «አሮጊቷ ትቅር ብለዋል።»

«ምን ክፉ ቃል ተናገርኩ?»

«ምንም። ግን የቀረጻውን ግማሽ ወይኔ ስትዪ ነበር።»

«የሚያስደነግጥ ነገር ሰምቶ ያልደነገጠ ሰው ነው የሚፈልጉት? ጉድ ነው!»

የመጀመሪያው ፕሮግራም ቀረጻ ቀን ልጅቷ በሩን ከውስጥ ዘጋችው። እማማ ወንበር ይዘው ኮሪደሩ ላይ ተቀመጡ። ምላሷ መተሳሰሩ አይቀርም፤ በሩን ከፍታ «እማማ ነይ» ማለቷ አይቀርም ብለው ጫማቸውን እንኳ አላወለቁም። ከበሩ ወዲያ ጊታሮቹ ይጮኻሉ፤ ሲያልቁ የእሷ ድምፅ ይቀጥላል። አምስት ደቂቃ ሆነ። አሥር ሆነ። ትንሽ ብቻ ብትንተባተብ ብለው ተመኙ፤ ወዲያው በራሳቸው ምኞት ደንግጠው አፋቸውን ያዙ። ወንበሩን አንድ ስንዝር ወደ በሩ አስጠጉት።

ልጅቷ አላቆመችም።