ጋሽ ክፈቱ

«መስኮቱን ማን ዘጋው?» አለች ሚስትየው፣ ከተቀመጠችበት ፍራሽ ላይ ቀና ብላ።

ለቀስተኛው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ባሏን ከቀበሩ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። የውጪው ብርድ አጥንት ሰርስሮ ይገባል፤ ቤቱ በሰው ጢም ብሏል። መሐል ወለሉ ላይ ፍሙ የቀላ የከሰል ማንደጃ ተቀምጧል።

«እኔ ነኝ እትዬ» አለ የሟቹ ታናሽ ወንድም። «እንግዳው በብርድ ይለቅ?»

«ማንደጃውን አውጣው።»

«ኧረ ጭስ እንኳ የለውም!»

«ወንድምህ ሠላሳ ዓመት የለፈፈው ስለ ምን ሆነና! ጭሱንማ ዓይን ያየዋል። ገዳዩ የከሰሉ መርዝ ነው የማይታየው፣ የማይሸተው።»

ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ማንደጃውን ወደ ግቢ አወጣ። መስኮቱን እሷው ከፈተችው።

ባሏ ምድጃ ሠሪ ነበር። የብረት ምድጃ ይሠራል፣ ቱቦውን በጣሪያ አሳልፎ ይተክላል፣ ብርዱ ሳይገባ ጥላሸቱን ይጠርጋል። የሰው ቤት ሲገባ ከሰላምታው በፊት «ክፈቱ!» ስለሚል፣ ሰፈሩ ጋሽ ክፈቱ አለው። እሷም ብትሆን ስንቴ ተነጫንጫበታለች! «ሰው በምድጃ ሠሪ ቤት ይንቀጠቀጣል?» ስትለው፣ «ሞቆሽ ከምትቀሪ በርዶሽ ብትነሺ ይሻላል» ይላታል።

በሩ አጠገብ የተቀመጠች ዳቦ ጋጋሪ ከልጇ ጋር ብድግ አለች።

«እኔና ይቺ ልጄ እሱ ባይኖር ዛሬ አፈር ነበርን» አለች። «የዛሬ ስድስት ዓመት ምድጃችንን አይቶ፣ ‹ቱቦው ተሰንጥቋል፤ ነገ አዲስ እስካመጣ እንዳታነዱት› አለን። ብርዱ ሲጸናብን እኔ ሞኟ አነደድኩት። እሱ ነገሩ ሲከነክነው አድሮ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ መጥቶ ቢያንኳኳ ዝም! በሩን በትከሻው ገንጥሎ፣ ራሳችንን የሳትነውን ሁለታችንን ጎትቶ ደጅ አወጣን።»

«ለእኔ አንድ ቀን እንኳ አልነገረኝም» አለች ሚስትየው።

«ለማንም አልተናገረም። ‹አትንኪ የተባለችውን አነደደች ብለው ይዘባበቱብሻል፤ እዚሁ ይቅር› ነው ያለኝ።»

ትዝ አላት። አንድ ጠዋት ትከሻው አብጦ መጥቶ «በር መታኝ» ብሏት ነበር። «ዓይን የለህም?» እያለች፣ እየተቆጣች ቅባት ቀብታዋለች። እሱ ፈገግ ይል ነበር።

እንባዋ ግጥም አለ። ሦስት ቀን የጎበጠው ወገቧ ግን ተቃና።

«ሰማችሁ?» አለች ቤቱን ሁሉ እየቃኘች። «የእኔ ባል ነው!»

«ሰማን» አሉ ሴቶቹ፣ ካፖርታቸውን ላያቸው ላይ እየሰበሰቡ። መስኮቱ ይዘጋ ያለ አልነበረም።

ሚስትየው የዳቦ ጋጋሪዋን ልጅ በእጇ ጠራቻት። ልጅቷ መጥታ አጠገቧ ተንበረከከች፤ ጣቶቿ በብርድ ደርቀዋል። ሚስትየው በሁለት መዳፏ አቅፋ ያዘቻቸው፤ ጎንበስ ብላም ትንፋሿን እፍ እያለች፣ ደም እስኪዘልቃቸው ድረስ አልለቀቀቻቸውም።