እጄን እስኪያገኘው

«አንድ ዘለላ እንባ እንኳ አልወጣትም» አሉ የልጅቷ አክስት። ማንሾካሾካቸው ነበር፤ ጆሯቸው ስለደከመ ግን ሹክሹክታቸው እስከ በሩ ይሰማል።

«ድንጋጤ ነው እትዬ፤ ይለቃታል» አለች ጎረቤቲቱ።

«መቼ? እኔንም ከቀበረች በኋላ?»

ሟቿ የድምፅ መምህርት ነበረች። ልጇ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣ፣ ለለቅሶኛ ወንበር የሞላውን የእናቷን ማስተማሪያ ክፍል ታያለች። ከቀብሩ ወዲህ ጉሮሮዋ ተዘግቷል፤ የምትናገረው በትንፋሽ ብቻ ነው። ተማሪዎች የሚተኙበት ምንጣፍ ተጠቅልሎ ጥግ ቆሟል። ሆኖም ክፍሉ ጸጥ ባለ ቁጥር ከወንበሮቹ ሥር ረጅም ትንፋሽ ትሰማለች፤ አንድ ሰው ጉልበቱን አጥፎ፣ አገጩን ለቆ፣ ወለሉ ላይ የተጋደመ ይመስል።

አጠገቧ የተቀመጠው ወፍራም ሾፌር የእናቷ ተማሪ ነበር።

«ዘፈን ልማር ብመጣ መሬት ላይ አስተኙኝ» አላት ለጎረቤቲቱ። «እንደ ድመት ተንከባለል አሉኝ። ሴትዮዋ ጤናም የላቸው ብዬ ልሄድ ተነሣሁ።»

«ታዲያ ምን አቆየህ?»

«ጫማዬን ላስር ጎንበስ ብዬ ሳጉረመርም፣ ድምፄ ከወገቤ መጣ።»

ልጅየዋ በልጅነቷ ይህን ትምህርት በገርባባው በር አጮልቃ ታይ ነበር። የእናቷ እጅ ከተጋደመው ተማሪ ጀርባ ሥር፣ ከጎድኑ ግርጌ ይገባል። «አትግፋው። እጄን እስኪያገኘው ጠብቅ።» ትንፋሹ እጇን ሲያገኝ ድምፁ ይከፈታል። እሷ ግን በጉርምስናዋ አንድ ቀን «እኔን አትንኪኝ» ብላ ነበር። እናቷ ቃል አክባሪ ነበረች፤ አልነካቻትም። ልጅየዋ ኋላ ብትመኘውም «ነይ፣ ንኪኝ» ማለቱ አፏ ላይ ቀረ።

ሾፌሩ ዞሮ አያት።

«ትከሻሽ ጆሮሽ ሥር ገብቷል፣ እህቴ። እሳቸው ቢያዩሽ ዝም አይሉም ነበር።»

«እጅህን ጀርባዬ ላይ አድርግልኝ» አለች በትንፋሽ። «እሷ እንደምታደርገው።»

«እዚህ? አክስትሽ ምን ይላሉ?»

«እሳቸው መቼ ዝም ብለው ያውቃሉ።»

ከግድግዳው ራቅ አለች። ሰፊ መዳፉ ጀርባዋ ላይ አረፈ፤ ለአክብሮት ሲል ከፍ አድርጎ፣ ከትከሻዋ አጠገብ።

«አትግፊው» አለ፤ በሟቿ ቃል፣ በሟቿ ዝግታ። «እጄን እስኪያገኘው ጠብቂ።»

የመዳፉ ሙቀት የእሱ አልመሰላትም። ጠበቀች። ትከሻዋ ወረደ። ከሆዷ ሥር አንድ ድምፅ ተነሣ፤ አጭር፣ ሻካራ። አክስቷ የጀመሩትን ቃል ሳይጨርሱ ተዉት።

ሾፌሩ ደንግጦ እጁን አነሣ። እሷ ሳትዞር ክንዷን ወደ ኋላ ዘረጋች፤ እጁን ፈልጋ ያዘችው፤ ዝቅ አድርጋም ከጎድኗ ግርጌ፣ በገርባባው በር ስታየው በኖረችው ቦታ ላይ አኖረችው።