ሕፃኑን አለማየት

«እስቲ ፊቱን ልየው» አለች ከጎዶማ የመጣችው ለቀስተኛ፣ እንባዋን ገና ሳትጠርግ። መልስም አልጠበቀችም፤ ነጠላውን ከሕፃኑ ፊት ላይ ገለጠችው። «ውይ፣ ቁርጥ አያቱን። ግንባሩን እዩልኝ። ጋሽ ወልደ ሥላሴ መች ሞተ።»

ሕፃኑ ሊከደን ጥቂት የቀረውን ዓይኑን በረገደና ሴትዮዋ ላይ ተከለው። እናቱ ማህሌት ያን ዓይን እዚህ ለማድረስ ወገቧ እስኪቆረጥ አወዛውዛዋለች። ትንሽ ቆይቶ የልጁ አፍ ተጣመመ፣ ያ የሻከረ ለቅሶውም ጓዳውን ሞላው።

ለቅሶ ቤት ነውና ማንን ትቆጣ? ከአባቷ ቀብር ወዲህ ይኸው ነው። በአዲሱ አስፋልት ዳር በተተከለው ድንኳን አልቅሶ የወጣለት ሁሉ ወደ ጓዳ ይዘልቃል፤ አራሷን በድንበር ከተማው ሁለት ቋንቋ «ፖሌ ሳና፣ እግዜር ያጥናሽ» ይላታል፤ ከዚያ ሟቹን ከልጁ ፊት ላይ መፈለግ ይጀምራል። አንዱ አፍንጫውን ያገኛል፣ ሌላው አገጩን። ያገኘ ተጽናንቶ፣ ስሞ፣ ለሚቀጥለው ያቀብላል። ምትክ ነው ይላሉ፣ ምትክን ደግሞ ማን ሳያይ ይሄዳል። ልጁ ግን የአንድ ከተማ ሐዘንተኛ ፊት የሚችልበት ዕድሜ ላይ አይደለም። እንቅልፍ ባጣ ቁጥር እንቅልፍን ይታገላል፣ ሲታገል ጡት ይተፋል። ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ በቅጡ አልጠባም፣ ከንፈሩም ደርቋል። ባሏ ያዕቆብ በመጋረጃው ብቅ ብሎ «እንዲህ ከዋለ ሆስፒታል እንወስደዋለን» አለና ወደ እንግዶቹ ተመለሰ።

ማህሌት ያላደረገችው የለም። እሹሩሩ አለች፣ ጀርባውን መታ መታ አደረገች፣ በመጨረሻም ዓይን ዓይኑን እያየች ለመነችው። «እየኝ የኔ ጌታ፣ እናትህ እኮ ነኝ፣ ተኛልኝ።» እሱም ዓይን ዓይኗን እያየ ባሰበት።

አባቷ ትዝ አላት፤ ትዝ ሲላትም ከሐዘኑ ቅሬታው ቀደመ። ወልደ ሥላሴ ከሆቴሉ ባንኮኒ ኋላ ተቀምጦ ዕድሜውን ሙሉ መንገድ ሲያይ የኖረ ሰው ነበር። እናቷ በዋልዳ የስደተኞች ሰፈር እሷን በወለደች ሰሞን ስለሞተች ያሳደጋት እሱ ነው። አልብሷታል፣ አስተምሯታል፣ ድሯታል፤ አንድም ቀን ግን ፊት ለፊት አላያትም። ስታወራው ዓይኑ ከኬላው በሚገቡት የጭነት መኪናዎች ላይ ነው። በሠርጓ ቀን እንኳ ጉልበቱን ስትስም በሩን እያየ መረቃት።

ባለፈው ሳምንት፣ ለመታረስ እሱ ቤት በመጣች ጊዜ፣ የልጅ ልጁን አቅፎ እዚሁ ጓዳ ቆመ። ያቀፈውን ልጅ ትቶ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። የዘመናት ቅሬታዋ ያኔ ገነፈለ። «ካልፈለግከው ስጠኝ፣ አባባ» ብላ ልጁን ከእጁ ነጠቀችው። አባቷ ባዶ ክንዱን እንደታቀፈ ጥቂት ቆመና ወጣ። ከዚያ በኋላ አላወሩም። ባንኮኒው ኋላ እንደተቀመጠ ልቡ ቀጥ አለች።

ከሰዓት በኋላ ማማ ካልቶማ ከጎልቦ ደረሱ። በዋልዳ ዘመን የአባቷ ጎረቤት የነበሩ አሮጊት ናቸው። ማህሌትን ትከሻዋን ይዘው አለቀሱ። ልጁን ግን አላዩትም፤ ጀርባቸውን ሰጥተውት ተቀመጡ።

«ማማ፣ እርስዎ አያዩትም?» አለች ማህሌት። ገርሟታል።

«ኋላ። ሲተኛ» አሉ። «ልጁ ደክሞታል። ሕፃን ሲደክመው የሰው ፊት ሥራ ይሆንበታል፤ ያየውን ሁሉ ማናገር ይፈልጋል። ይሄን የነገረኝ አባትሽ ነው።»

«አባባ?»

«አዎ፣ ወልዴ። እናትሽን ቀበርን፤ አንቺ እንደዚህ ነበርሽ፣ እንቅልፍ እምቢ። ሴቶች ሁሉ መጣን፣ እናትሽን ፊትሽ ላይ ፈለግን፣ እንደ ዛሬው። አንቺ ጮኽሽ፣ ወተቱን ተፋሽ፣ ትሞታለች አልን። ወልዴ ቀማንና ወጣ። ደረቱ ላይ አደረገሽ፣ ፊቱን ወደ በረሃው አዞረ፣ ቆመ። አቧራው ይመታዋል፣ እሱ ቆሟል። ግመል ጠፍቶበት ነው ወይ ብለን ሳቅንበት። አንቺ ግን ተኛሽ።»

ማህሌት ልጁን ማወዛወዝ ተወች።

«ከዚያ ወዲያ ነቅተሽ ሳለ አያይሽም» ቀጠሉ ካልቶማ። «እንቅልፍ ሲወስድሽ ነው የሚያይሽ፣ ትንፋሹን ይዞ። የፍየል ወተት ይዤ ስጠራው አይሰማኝም። ሰው ሲጸልይ ነው እንደዚያ የሚሆነው። አድገሽም ልማዱ አልለቀቀውም። ‹አሁን ትልቅ ናት፣ ብታያት አትሞትም› እለዋለሁ፤ አፍሮ ይስቃል።»

ማህሌት በልጅነቷ ስትነቃ ሁልጊዜ ከአልጋዋ አጠገብ ወንበር ነበር። ማን ተቀምጦበት እንዳደረ አንድም ቀን ጠይቃ አታውቅም። ባለፈው ሳምንትስ? ልጁ በአያቱ ክንድ ላይ ጸጥ ብሎ ነበር፤ እሷ ነጥቃው ነው የጮኸው። ሊያስተኛው ነበር። ይቅር በለኝ የምትለው ሰው አፈር ለብሷል። ከጸጸቱ የበለጠው ግን መደነቋ ነው። አንድ ሰው ይህን ሁሉ ዓመት እንዲህ ወዶ፣ እንዲህ ችሎ መኖሩ ከመግረም አልፎ ቤተ መቅደስ የገባች ያህል አስፈራት።

ተነሣች። ልጁን ደረቷ ላይ ለጠፈችው፣ ነጠላውን አለበሰችውና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ካልቶማ ወንበራቸውን ስበው መጋረጃው ሥር ተቀመጡ፤ በዚያ በኩል ከእንግዲህ ሰው አያልፍም።

ለቅሶው ወዲያው አልቆመም። ደረቷ ላይ ተንፈራገጠ፣ ፊቷን ፈለገ፣ አጣው። ቆይቶ ለቅሶው ወደ ማጉረምረም ወረደ፤ ከዚያ ጡቷን አገኘና ጠባ፣ መጥባቱም እየራቀ እየራቀ ሄደ። ጭንቅላቱ ክንዷ ላይ ከበደ። ተኝቶ እንደሆነ ለማየት አንገቷ በግድ ወደ ታች ሊዞርባት ነው። አባቷ ይህን እንዴት ቻለው? እንቅልፉ ገና ስስ ነውና አላየችውም፤ ከኬላው የወጣውን መኪና በዓይኗ ተከተለችው። እንባዋ ወርዶ አገጯ ላይ ተንጠለጠለ። ልጁ ላይ ጠብ እንዳይል፣ አገጯን ቀና አደረገች።