የአሰበች የሉቢያ ድርቆሽ

ፈረደ ጣሊያንን ከሚወጉት አርበኞች ጋር ሊቀላቀል ወደ አርማጭሆ ሲነሣ፣ ለሚስቱ ለአሰበች አንዲት በግ ትቶላት ሄደ። «አደራ፣ በጊቱን ለወሊድ አድርሻት። ድርቆሽ ከቸገረሽ ረቢዓን ጠይቂ፤ እሷ ታውቅበታለች» አላት። አሰበች ከዚህ ሁሉ የሰማችው የመጨረሻውን ብቻ ነው።

ረቢዓ አጥር የምትጋራቸው፣ ነጋዴ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። በጎቿ በበጋ እንኳ ጎናቸው አይጎድልም። ፈረደ ባለፈ ባገደመ ቁጥር አጥሩን ተደግፎ ያያቸው ነበር። በጎቹን ነው ወይስ ባለቤታቸውን? አሰበች ይህን ስታብሰለስል ክረምቱ አለፈ።

የራሷ ሣር ብዙ ነበር፤ ግን ዘር ካፈራ በኋላ የታጨደ፣ አገዳ ብቻ የሆነ። በጊቱ እሱን ስትበላ ትውላለች፣ አጥንቷ ይቆጠራል። ረቢዓ የምታበላው ሉቢያ የሚባለውን የአደንጓሬ ዘመድ ሐረጉን አድርቃ እንደሆነ አሰበች በአጥር አጮልቃ አየች። መጠየቅ ሞቷ ነው። ጓሮዋ የዘራችው ሉቢያ ስለነበራት እሱን አጨደች።

እጇ የለመደው ሰሊጥ ነው። ሐረጉን እንደ ሰሊጥ በነዶ በነዶ አስራ ፀሐይ ላይ አቆመችው፤ ክው ብሎ ሲደርቅ አራገፈችው። ፍሬውን ለቀመች፤ የረገፈውን ቅጠል ጠራርጋ በአጥሩ ላይ ወደ ረቢዓ ግቢ ደፋችው። ግቢዋን ጥራጊ መጣያ በማድረጓ ደስ አላት። ባዶ ሐረጉን ለበጊቱ ከመረችላት።

በጊቱ ወለደች፤ ግቷ ግን ባዶ ነበር። ግልገሏ ስትጮህ ቆይታ ድምፅዋ ደከመ። ፈረደ ሲመጣ ምን ይባላል? አሰበች ጥርሷን ነክሳ ወደ ረቢዓ ሄደች።

ረቢዓ ነገሩን እንደሰማች ቅጠል የሞላ ጆንያ አወጣች።

«ምግቡ ቅጠሉ ላይ ነው ያለ» አለቻት። «ሉቢያ ጥላ ላይ ነው የሚደርቅ፤ ፀሐይ ካገኘው ቅጠሉ ይረግፍና ዱላው ይቀራል። ይኸ ያንችው ነው። መቸም ደግ ነሽ፣ ለእኔ በጎች በአጥር ስትሰጭ ጊዜ፣ ለራሷ ያንሳታል ብየ ግማሹን አኖርሁልሽ።»

አሰበች ጆንያውን ተሸክማ ተመለሰች። በጊቱ ቅጠሉን በላች፣ ውሎ አድሮም ወተቷ መጣ፤ ግልገሏ ጭራዋን እያወዛወዘች ጠባች። አሰበች አጠገባቸው ተቀምጣ ረቢዓን የምትጠላበት ምክንያት ፈለገች፣ አጣች። ቅናቱ ግን አልበረደላትም። ፈረደ ያን ሁሉ ቀን ሴትዮዋን ሲያይ ቢሆን እንኳ አልተሳሳተም አለች በልቧ፤ ያኔ አለቀሰች።